የሞላ ደብተር፣ የጐደለ መልስ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተወረሰ ርስት ካልታረሰ እህል እንደማይሰጥ ሁሉ፣ የተጻፈም ማስታወሻ ካልተሠራበት ዕውቀት አይሆንም። እኛ ተማሪዎች ይህን ሁለተኛውን ነገር ዘንግተነዋል ብለን እናምናለን። በየዓመቱ የፈተና ወራት ሲቃረብ፣ ባገር ቤት ያለውም ሆነ በባሕር ማዶ የሚገኘው ተማሪ ዓመት ሙሉ የጻፈውን የታሪክ ደብተር አውጥቶ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ሲጨርስም እንደገና ይጀምራል። በቀይ ቀለም ያሰምርበታል። ሦስት ጊዜ ከደጋገመው በኋላ ዐወቅሁት ብሎ ይተኛል። በማግስቱ ግን ከፈተናው አዳራሽ የሚወጣው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣን ከመካከላችን ባንዱ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ይህ ወንድማችን በአውሮፓ ባንድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር፣ ስለ አፍሪቃ መቀራመት የታሪክ ፈተና ቀረበለት። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ለዐድዋ ጦርነት ምክንያቱ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው ማለት እስከ ምን ድረስ ይቻላል? የሚል ነበር። ወንድማችን ይህን ባየ ጊዜ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰማው፣ ባገር ቤት በደብተሩ የጻፈው፣ እዚህም መጥቶ ደግሞ የጻፈው ነገር ነውና። ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ የዘመቱትን መኳንንት፣ የጦሩን አሰላለፍ፣ የድሉን ዕለት አንድም ሳያስቀር ስድስት ገጽ ሞላ። ውጤቱ ሲመለስ ግን ከማለፊያው በታች ሆነ። መምህሩ በኅዳጉ ላይ የጻፉት ቃል አጭር ነበር፤ የጠየቅሁህ «እስከ ምን ድረስ» ብዬ ነው፤ አንተ የነገርኸኝ መቼና የት እንደ ሆነ ነው የሚል። ከዚህም በላይ የድሉን ዓመት 1888 ብሎ ሲጽፍ በየትኛው ዘመን አቈጣጠር እንደ ሆነ ስላልገለጸ፣ ስሕተት ነው ተብሎ ተሰረዘበት።

በመጀመሪያ ሁላችንም በመምህሩ ላይ ተቈጣን። አገራችንን ያላየ ሰው የኛን ታሪክ ሊያርመን ነው ወይ አልን። ቍጣችን ከበረደ በኋላ ግን ደብተሩን ከፍተን አብረን ተመለከትነው። ለጥያቄው መልስ የሚሆነው ነገር ሁሉ በደብተሩ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን አንዱ በጥቅምት ትምህርት፣ ሌላው በየካቲት ትምህርት፣ ክሩ እንደ ተበጠሰ ዶቃ ተበታትኖ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የመምህሩ ሳይሆን የአጠናን ልማዳችን መሆኑን ሳንወድ በግድ ተቀበልን።

ልማዱ ከየት መጣ? አብዛኞቻችን የተማርነው መምህሩ ሲናገሩ ወይም ጥቁር ሰሌዳ ሲሞሉ ቃል በቃል እየገለበጥን ነው። መጽሐፍ ባነሰበት፣ ባንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ትምህርት ቤት ከዚህ ሌላ መንገድ ስላልነበረ መምህራኑን አንወቅስም። በባሕር ማዶ ደግሞ ነገሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልተሻሻለም፤ ተማሪው በግድግዳ ላይ የሚታየውን ስላይድ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣና ትምህርቱን የያዘ ይመስለዋል። በሁለቱም ስፍራ ማስታወሻው የተደረደረው መምህሩ በተናገሩበት ቅደም ተከተል ነው። ፈታኙ ግን በዚያ ቅደም ተከተል አይጠይቅም። እንግዲህ የማስታወሻ ጥናት ማለት የመምህሩን ቅደም ተከተል አፍርሶ በጥያቄ ቅደም ተከተል እንደገና መሥራት ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልል መሆኑ በምርምር የተረጋገጠ ነው። በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ከፋፍለው ፈትነው ነበር። አንደኛው ወገን የተሰጠውን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ እየደጋገመ አነበበ። ሌላው ወገን በአንደኛው ክፍለ ጊዜ ካነበበ በኋላ በሦስቱ ላይ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት ያስታወሱት 40 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ ሳያዩ የጻፉት 61 ከመቶ ያህል አስታወሱ። ዐወቅሁት ብሎ የሚተኛው ተማሪ በማግስቱ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው። ዓይን የለመደውን ሁሉ ልብ የያዘው ይመስለዋል።

ይህ ነገር ላገራችን እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊት ሲማር በመምህሩ ፊት ቆሞ ያስደምጣል እንጂ አንብቤዋለሁ ብሎ አይቀመጥም። በሌሊትም መብራት በሌለበት መጽሐፍ ሳይዝ የቃል ትምህርት ይማራል። ስለ አባቶቻችን ትምህርት ሲወራ ሽምደዳ ብቻ ነበረ እየተባለ ይነቀፋል። ነቀፋው ግን ግማሽ እውነት ነው። የቅኔ ተማሪ ያወቀውን ሰዋስው ይዞ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የትናንቱን ይዞ ቢቀርብ ማን ይሰማዋል? እኛ ዘመናዊ ነን የምንለው ተማሪዎች ከዚህ ትምህርት ቤት የወሰድነው ቃል መያዙን ነው፤ አዲስ መፍጠሩን እዚያው ትተነዋል።

ነገሩ በምሳሌ ካልታየ ምክር ብቻ ስለሚሆን፣ የዚያኑ ወንድማችንን ማስታወሻ እንውሰድ። በደብተሩ የተጻፈው ባጭሩ እንዲህ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። 20 አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣልያንኛው ልዩነት ነበረው። ምኒልክ ውሉን ሰረዙ። የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ አንዱም ሐሰት አይደለም። ሆኖም «ውሉን ሰረዙ» በሚለውና «ጦርነት ሆነ» በሚለው መካከል ሦስት ዓመት ያህል አለ። ከፊርማው እስከ ጦርነቱ ደግሞ ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ፈታኙ የሚጠይቀው በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል ስላለው ባዶ ቦታ ነው።

አንደኛው ሥራ ዘመኑን ማስተካከል ነው። ይህ በተለይ ባገር ቤት የጻፈውን ደብተር ይዞ ወደ ውጭ ለመጣ ተማሪ የግድ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ቀን ድረስ በኛና በፈረንጆች አቈጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ 8 እየደመረ የሚሄድ ተማሪ ይሳሳታል። ለምሳሌ ውጫሌ የተፈረመውና ምኒልክ በእንጦጦ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ በኛ አቈጣጠር ግን ፊርማው በ1881፣ ንግሡ በ1882 ዓ.ም. ይውላል። እንዲሁም የአምባላጌና የዐድዋ ጦርነቶች በኛ አቈጣጠር ሁለቱም በ1888 ዓ.ም. ሲሆኑ፣ በፈረንጆች አንደኛው በ1895፣ ሌላው በ1896 ነው። በየቀኑ አጠገብ ሁለቱንም ዓመት መጻፍ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ወንድማችን ግን ያንን ግማሽ ሰዓት ባለማዋሉ ከሰረ።

ሁለተኛው ሥራ ማስታወሻውን ወደ ጥያቄ መለወጥ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዋልተር ፓውክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀ አንድ ዘዴ አለ። ገጹን በመስመር ከፍሎ በሰፊው ወገን ማስታወሻ፣ በግራ በኩል በጠባቡ ወገን ጥያቄ፣ ከግርጌው ባጭር ቃል ፍሬ ነገሩን መጻፍ ነው። ደብተሩ ቀድሞ የተሞላ ቢሆንም ኅዳጉ ይበቃል። «20 አንቀጾች አሉት» በሚለው አጠገብ «ከ20ዎቹ አንዱ ብቻ ለምን ተለይቶ ጠብ አስነሣ?» ብለን እንጻፍ። «ምኒልክ ውሉን ሰረዙ» በሚለው አጠገብ «ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ እስከ 1885 ዓ.ም. ድረስ ለምን ቈዩ?» እንበል። ጥያቄ ሊወጣለት ያልቻለ መስመር ሲገጥመን ያ መስመር ገና ያልገባን መሆኑን እንወቅ።

ሦስተኛው ሥራ ሰበብን ከምክንያት መለየት ነው። አማርኛችን ለዚህ የታደለ ነው። ሰበብ ለጠቡ በር የሚከፍተው ነው፤ ምክንያት ጠቡን ከሩቅ ያመጣው ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የተበተነውን ዶቃ ከሥሩ ጀምረን በክር እናስገባው። ጣልያን ምጽዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ የበርሊን ጉባኤም ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። ቀጥሎ በ1887 ዶጋሊ ላይ ተዋጋች። በ1889 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ የዘውዱ ጉዳይ ተናወጠ፤ ምኒልክም የጦር መሣሪያና የውጭ መንግሥታት ዕውቅና በሚፈልጉበት በዚያው ጊዜ ውሉ ተፈረመ። አማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በጣልያን መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ጣልያንኛው ግን በዚያ መንገድ ብቻ ሊገናኙ ተስማምተዋል ተብሎ ተተረጐመ። በጥቅምት ወር 1889 እ.ኤ.አ. ጣልያን ይህን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች፤ በጥር 1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ዐወጀች። በ1893 ምኒልክ ውሉን ሰረዙ። በ1895 የጣልያን ጦር ወደ ትግራይ ገባ፤ አምባላጌና መቀሌ ተከተሉ፤ በመጨረሻም ዐድዋ ሆነ።

ይህ ክር ከተሠራ በኋላ ተማሪው ሊፈርድ ይችላል። ምጽዋ የተያዘችው ከውሉ አራት ዓመት በፊት ስለ ሆነ፣ አንቀጽ 17 ሰበብ እንጂ ዋናው ምክንያት አይደለም ቢል ማስረጃ አለው። ሌላው ደግሞ ጣልያን በአውሮፓ መንግሥታት ፊት የቆመችበት ሕጋዊ መሠረት ያ አንቀጽ ነበርና ያለ እርሱ ነገሩ በሌላ መልክ በሄደ ነበር ቢል፣ እርሱም ማስረጃ አለው። ፈታኙ የሚመዝነው የትኛውን እንደ መረጥን ሳይሆን በምን እንዳጸናነው ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ የራሳችንን ፍርድ፣ በትይዩው ገጽ የተቃዋሚያችንን ማስረጃ ሳናዳላ እንጻፍ።

አራተኛው ሥራ ከማስታወሻው የጐደለውን መፈለግ ነው። በደብተሮቻችን ውስጥ ነገሥታትና መኳንንት ሞልተዋል፤ ባላገሩ ግን የለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የከብት ዕልቂት አገሩን አጥፍቶ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ሳያርስ ቀርቶ፣ ሕዝባችን ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረኀብ ሆነ። ጣልያን ከምጽዋ ወደ ደጋው የወጣችው በዚህ ዘመን ነው። ውጫሌም የተፈረመው በዚሁ ጊዜ ነው። ይህ ነገር በደብተራችን «ክፉ ቀን» በሚል ሌላ ምዕራፍ ለብቻው ተቀምጧል፤ ከውሉ ጋር ያገናኘው የለም። የዘመተውን ጦር የቀለበው ማን ነው? ስንቁን የፈጨችው፣ የተሸከመችውስ ማን ናት? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ለፈተናው የተሻለ መልስ ይኖረዋል፤ ይበልጡንም ስለ ሕዝቡ የተሻለ ዕውቀት ይኖረዋል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ሥራ ደብተሩን ዘግቶ መጻፍ ነው። አንድ ጥያቄ መርጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ መልሱን መጻፍ፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የተረሳውን በሌላ ቀለም መሙላት፤ ያንኑ ጥያቄ ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላ መድገም ነው። የጻፉትንም ለጓደኛ አስነብቦ ማሳረም ይገባል፤ ሰው የራሱን ጕድለት ለማየት ይቸገራልና።

ባገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ የምንፈተነው በምርጫ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል? ትሉ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ የመጽሐፍና የመምህር ማነስ፣ በየስፍራው የነበረው ጦርነትና መፈናቀል፣ የትምህርቱ ጥራት ሁሉ ይቈጠራሉ። ስለዚህ ጥፋቱ ያጠናን ብቻ ነው ብለን በተማሪው ላይ አንፈርድም። ሆኖም የምርጫ ጥያቄም ቢሆን ጥሩ የሚመለሰው አንዱ መልስ ለምን ልክ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ ለምን ልክ እንዳልሆኑ በሚያውቅ ተማሪ ነው። ከራሳችሁ ማስታወሻ ጥያቄ አውጡ፤ ሦስት አሳሳች መልሶችንም ራሳችሁ ሥሩ። አሳሳቹን የሠራ ሰው በቀላሉ አይሳሳትም።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። አንዳንዱ ጊዜ የለም ይላል። ማስታወሻን ሦስት ጊዜ ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ካለ፣ አንድ ጊዜ አንብቦ ሁለት ጊዜ ለመጻፍም ይበቃል። ሌላው፣ የኛ መምህር የሚፈልጉት የተናገሩትን መልሰን እንድንሰጣቸው ብቻ ነው ይላል። እንዲህ ያሉ መምህራን መኖራቸውን አንክድም። ቢሆንም ነገሩን ከሥሩ ያወቀ ተማሪ የመምህሩን ቃል መመለስ አይሳነውም፤ ቃሉን ብቻ የያዘ ግን ጥያቄው ጥቂት ሲለወጥ ይጠፋበታል። ዛሬ ደግሞ ማስታወሻውን ለኮምፒውተር ሰጥቶ አሳጥረህ አምጣልኝ ማለት ተለምዷል። ኮምፒውተሩ ጥያቄ እንዲያወጣልን ብናደርገው አንቃወምም። መልሱን ግን እኛ መጻፍ አለብን። ሌላው ሰው ስላኘከልን ምግቡ ያጠግበናል ወይ?

ነገሩ ከውጤት በላይ መሆኑን ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በየስብሰባችን፣ በየማኅበራችን ስለ አገራችን ታሪክ ስንከራከር ምን እንደምናደርግ እናስተውል። እያንዳንዳችን በየመንደራችን፣ በየትምህርት ቤታችን፣ በየዘመኑ መንግሥት መጽሐፍ የተጻፈልንን ግማሽ ማስታወሻ ይዘን እንመጣለን። ያንኑ ደጋግመን በከፍተኛ ድምፅ እናነባለን፤ ሌላውም የራሱን ያነባል። ይህ ሐሳብህ በምን ማስረጃ ነው? ሰበቡ ነው ምክንያቱ? ከማስታወሻህ የጐደለው ማን ነው? ብሎ የሚጠያየቅ ጥቂት ነው። ክርክሩም በመኳረፍ ያልቃል። በፈተና አዳራሽ «እስከ ምን ድረስ» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ያልለመደ ተማሪ፣ ነገ በአገር ጉዳይ ላይ ሲቀመጥ ከወዴት ያመጣዋል?

ስለዚህ አንድ ቀላል ነገር እናሳስባለን። በያላችሁበት ከተማ ታሪክ የምትማሩ አራት አምስት ሆናችሁ፣ ከፈተናው አንድ ወር ቀድማችሁ ተሰብሰቡ። እያንዳንዱ ከደብተሩ አሥር ጥያቄ ያውጣ፤ የሌላውን ጥያቄ ደብተር ዘግቶ ይመልስ፤ ያልተስማማችሁበትን ደግሞ ለብቻ ጻፉት። ዘመኑን በሁለቱም አቈጣጠር ያስተካከላችሁትን፣ ጥያቄና ክር የገባበትን ማስታወሻ ባገር ቤት መጽሐፍ ላጡ ታናናሾቻችን ላኩላቸው፤ እነርሱም ከየአካባቢያቸው ሽማግሌ ጠይቀው የጐደለውን ይሙሉበት።

ወንድማችን ያንን ፈተና ከመንፈቅ በኋላ ደግሞ ወሰደ። በዚህኛው ጊዜ የጻፈው ስድስት ገጽ ሳይሆን ሁለት ገጽ ተኩል ነው፤ አለፈም። ደብተሩ ግን ያው የቀድሞው ደብተር ነበረ።